ያልተዘጋ ሂሳብ፦ የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫና የተዘለሉት ገጾቹ

ከቁጥር ጋር የሚውል ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ድምር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። እኔም እንጀራዬ ከባንክ መስኮት ጀርባ የሆነ፣ የቀኑ ገቢና ወጪ እኩል ካልመጣ አምሽቼ የጎደለውን የምፈልግ፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ ስንኝ ለመቋጠር የምታገል ሰው ነኝ። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ጽሑፍ ከሁለቱም አመሎቼ የተወለደ ነው። መነሻው አንድ የማይገጥም ድምር ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁላይ 26 ቀን 2025 ራባት ላይ የናይጄሪያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ባለሜዳዋን ሞሮኮን ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ገጠመ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ 2 ለ 0 ተመራ። ከዕረፍት በኋላ ግን ኤስተር ኦኮሮንኮ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰች፤ ፎላሻዴ ኢጃሚሉሲ አቻ አደረገች፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ጄኒፈር ኤቼጊኒ ሦስተኛዋን ግብ አስቆጠረች። 3 ለ 2። በማግስቱ ጋዜጦችና ድረ ገጾች «ናይጄሪያ ለ10ኛ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን» ብለው ጻፉ።

እኔ ግን እንደ አመሌ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። 1991፣ 1995፣ 1998፣ 2000፣ 2002፣ 2004፣ 2006፣ 2010፣ 2014፣ 2016፣ 2018፣ እንዲሁም ይኸው የ2025ቱ። ደግሜ ቆጠርኩ። የሚመጣው 12 ነው። ታዲያ ሁለቱ ዋንጫዎች የት ገቡ?

መልሱ ቀላል ነው። የ1991ና የ1995 ውድድሮች አንድ አገር ሁሉንም ጋብዛ ያዘጋጀቻቸው አልነበሩም፤ ቡድኖች አንዱ ወደ ሌላው አገር እየሄዱ በደርሶ መልስ የተጫወቷቸው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎች ነበሩ። ስለዚህ 10 የሚለው ቆጠራ ከ1998 ይጀምራል፤ 12 የሚለው ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ይጨምራል። በእኛ ሙያ አነጋገር የመነሻው ሂሳብ ወደ አዲሱ መዝገብ አልዞረም። እነዚያ ሴቶች ሮጠዋል፣ አሸንፈዋል፣ አህጉሪቱን ወክለው ዓለም ዋንጫ ድረስ ሄደዋል፤ ነገር ግን አንዱ ሲቆጥራቸው ሌላው ይዘላቸዋል።

ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። በበኩሌ ግን የመላው ታሪክ ቁልፍ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ታሪክ የግብ ታሪክ የመሆኑን ያህል የሂሳብ ታሪክም ነው፤ ማን ተቆጠረ፣ ለማን ተመደበ፣ ማን ተከፈለው፣ ማንስ ሳይከፈለው ቀረ የሚል።

ለመሆኑ ይህ ውድድር እንዴት ተወለደ? የወንዶቹን ዋንጫ ታሪክ እኛ ኢትዮጵያውያን እንደ ቤተሰብ ታሪክ እናውቀዋለን። በ1957 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ ሜዳ የገቡት ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ነበሩ። አራተኛዋ መሥራች ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ ባለመፍቀዷ ከውድድሩ ውጪ ሆነች። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዋንጫውን አነሳች፤ የሉቺያኖ ቫሳሎና የመንግሥቱ ወርቁ ስም እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአህጉሪቱን እግር ኳስ መርተዋል፤ የአፓርታይድን አገዛዝ ከስፖርቱ ዓለም ለማግለልም ሳይታክቱ ታግለዋል።

ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ሰውን በቆዳው ቀለም ከሜዳ ማገድ ነውር መሆኑን ገና ከመነሻዋ የተናገረች አህጉር፣ እኩሌታ ልጆቿ ከዚያው ሜዳ ዳር መቆማቸውን ለ34 ዓመታት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብላው ኖረች። ውድድር አልተመደበላቸውም፤ አለመመደብ ደግሞ ድምፁን ያጠፋ ክልከላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ የአፍሪካ ብቻ አልነበረም። የእግር ኳስ እናት ነኝ የምትለው እንግሊዝ በ1921 ሴቶች በፌዴሬሽኑ አባል ክለቦች ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ ከልክላ፣ እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቷል። ብራዚልም ከ1941 እስከ 1979 ድረስ በሕግ ከልክላለች። በ1986 ሜክሲኮ ላይ በተካሄደው የፊፋ ጉባኤ ኖርዌያዊቷ ኤለን ቪለ ወንዶች በሞሉበት አዳራሽ ተነሥተው ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ይዘጋጅላቸው ብለው ጠየቁ። በ1988 ቻይና ውስጥ የሙከራ ውድድር ተደረገ፤ ከአፍሪካ ኮትዲቯር ተገኘች። በ1991 የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ እዚያው ቻይና ላይ እንደሚካሄድ ሲወሰን አፍሪካም አንድ ወኪል ትላክ ተባለች።

የአፍሪካ ሴቶች ውድድር የተጀመረው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። አህጉሪቱ ሴት ልጆቿ ሲጫወቱ ማየት ናፍቋት ሳይሆን፣ ከሩቅ አገር ወኪል ስለተጠየቀች ነው። ከተመዘገቡት 8 አገሮች ሜዳ የገቡት ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ጊኒና ካሜሩን ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ተዉት። ናይጄሪያ በፍጻሜው ካሜሩንን በደርሶ መልስ 2 ለ 0 እና 4 ለ 0 አሸነፈች። ቻይና ደርሳም በጀርመን 4 ለ 0፣ በጣሊያን 1 ለ 0፣ በታይዋን 2 ለ 0 ተሸንፋ አንድም ግብ ሳታስቆጥር ተመለሰች። በ1995 ደግሞ ከአፓርታይድ ነፃ በወጣች ማግስት ብቅ ያለችውን ደቡብ አፍሪካን በሁለቱ ጨዋታዎች 11 ለ 2 ረትታ እንደገና ወኪል ሆነች።

በ1998 ነገሩ መልክ ያዘ። ናይጄሪያ አዘጋጅ ሆና 8 ቡድኖች በአንድ አገር ተሰበሰቡ። የዚያን ጊዜውን ልዩነት ለመረዳት አንድ ውጤት ይበቃል፤ ናይጄሪያ ሞሮኮን 8 ለ 0 አሸነፈች። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። በፍጻሜው አቤኦኩታ ላይ ጋና 2 ለ 0 ተሸነፈች። በዓመቱ በአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ናይጄሪያውያቱ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ፤ ብራዚልን 3 ለ 0 እየተመሩ ተነሥተው 3 አቻ ካደረጉ በኋላ በጭማሪ ሰዓት በወርቃማ ግብ 4 ለ 3 ተሸነፉ። ያለ ግብ ከተመለሱበት ከ1991 ወዲህ 8 ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። ሴቶቹ ከሚያስተዳድሯቸው ሰዎች ይልቅ በፍጥነት አድገዋል።

መስተንግዶው ግን ከዕድገታቸው ጋር እኩል አልሄደም። በ2000 በደቡብ አፍሪካ የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ናይጄሪያ 2 ለ 0 እየመራች ሳለ ተመልካቹ በመረበሹ ሳያልቅ ተቋረጠ። ስሙም ቢሆን ዘግይቶ ነው የመጣው። የወንዶቹ ውድድር ከልደቱ ጀምሮ «የአፍሪካ ዋንጫ» ሲባል፣ የሴቶቹ እስከ 2015 ድረስ «የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና» ብቻ ነበር። የዋንጫነት ስም ለማግኘት ከመጀመሪያው ጨዋታ 24 ዓመት ፈጅቷል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ። ዛሬ «ሉሲዎቹ» እያልን የምንጠራቸው የኢትዮጵያ ሴቶች በዚህ ውድድር ላይ ሦስት ጊዜ ተካፍለዋል፤ በ2002፣ በ2004 እና በ2012። ከሦስቱ የ2004ቱ ይለያል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1997 ዓ.ም. ነበር፤ አደይ አበባ የፈነዳበት፣ መስቀል የሚከበርበት ሰሞን። ውድድሩ ደቡብ አፍሪካ ላይ ነበር፤ ምድቡ ከአዘጋጇ፣ ከጋናና ከዚምባብዌ ጋር። ከምድቡ ያለፉት ጋናና ኢትዮጵያ ነበሩ፤ አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካ በገዛ ሜዳዋ ከውድድሩ ተሰናበተች። በግማሽ ፍጻሜው ናይጄሪያ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር በተደረገው ጨዋታ መደበኛው ሰዓት ያለ ግብ አለቀ፤ በመለያ ምት ጋና ወሰደችው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አራተኛ ሆነች።

አራተኛ! ከአንድ ትውልድ በላይ የወንዶቹን ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ ብቻ በሕልማችን ስናየው ለኖርን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የወንዶቹ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ ውድድር ሲያልፍ አዲስ አበባ ያደረገችውን እናስታውሳለን፤ መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ፣ ሰንደቅ ዓላማው ከየመስኮቱ ሲውለበለብ። ደስታው ተገቢ ነበር። ግን ከዚያ ውድድር 9 ዓመት ቀደም ብሎ ሴቶቹ በአህጉሪቱ ከአራቱ አንዱ ሆነው ተመልሰዋል። የ1962ን አሰላለፍ በቃሉ የሚዘረዝር ሽማግሌ በየቡና ቤቱ አለ፤ የ2004ን የሚዘረዝር ግን ሲያጋጥም አላየሁም። መዝገብ ስል ወረቀቱን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የሕዝብ አፍም መዝገብ ነው። የማይነገር ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ ያልተደረገ ይመስላል።

በዚያው ውድድር ላይ ሌላ ነገርም ተፈጽሟል፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ናይጄሪያ በፍጻሜው ካሜሩንን 5 ለ 0 ረታች፤ ከአምስቱ ግቦች አራቱን ያስቆጠረችው ኋላ አራት ጊዜ የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች የተባለችው ፐርፔቱዋ ንክዎቻ ናት። ዋንጫው ተነሳ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተዘመረ። ከዚያ በኋላ ግን ሻምፒዮኖቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ቃል የተገባላቸው የማበረታቻ ገንዘብ ስላልተከፈላቸው «እስኪከፈለን ከሆቴሉ አንወጣም» ብለው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለቀናት ተቀመጡ።

የአንድ ጊዜ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በ2016 ያውንዴ ላይ በ40 ሺህ ገደማ ተመልካች ፊት ካሜሩንን 1 ለ 0 አሸንፈው ሲመለሱ፣ አቡጃ ውስጥ ዋንጫውን ይዘው ሆቴል ተቀመጡ፤ ክፍያው ሲዘገይም ጽሑፍ አንግበው ወደ አገሪቱ ምክር ቤት በሰልፍ ሄዱ። ገንዘቡ የተለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። የወቅቱ የስፖርት ሚኒስትር ለመዘግየቱ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ቡድኑ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ አለመኖሩ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አባባል ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩልኝ፤ ከ1998 ወዲህ ከዚያ በፊት ከተደረጉት 9 ውድድሮች 7ቱን ያሸነፈው ይኸው ቡድን ነበር! በየጊዜው ተቀማጭ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ዛሬም ሲመጣ «ትመጣለህ ብለን አልጠበቅንም» ብሎ መስኮት እንደ መዝጋት ያለ ነገር ነው።

በ2019ም ፈረንሳይ ውስጥ ከዓለም ዋንጫው ከተሰናበቱ በኋላ በዚሁ ምክንያት ሆቴል አንለቅም ብለዋል። በ2022 ደግሞ ሞሮኮ ላይ ለሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ ሲዘጋጁ ክፍያ ስላልደረሳቸው ልምምድ አንሠራም አሉ፤ በጨዋታውም በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ሒልዳ ማጋያ ሁለት ግብ አስቆጥራ ሞሮኮን 2 ለ 1 ረትተዋል። ሆኖም በዓመቱ፣ ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ሊጓዙ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ዋናዎቹ ተጫዋቾች በውልና በክፍያ ጉዳይ ከቦትስዋና ጋር የተያዘውን የወዳጅነት ጨዋታ አንጫወትም አሉ። ጉዳዩ የተፈታው የሞትሴፔ ፋውንዴሽን 6 ሚሊዮን ራንድ በማዋጣቱ ነው። ከዚያ ጭቅጭቅ ወጥተው የሄዱት እነዚያ ሴቶች ጣሊያንን 3 ለ 2 አሸንፈው ከ16ቱ አንዱ ሆኑ። ናይጄሪያና ሞሮኮም እንዲሁ። ከአፍሪካ ከሄዱት አራት ቡድኖች ሦስቱ ከምድባቸው አለፉ።

በ2025 ነገሩ የተገለበጠ መሰለ። ዋንጫውን ይዘው አቡጃ የገቡትን የናይጄሪያ ተጫዋቾች ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በቤተ መንግሥት ተቀበሏቸው፤ ለእያንዳንዷ የ100 ሺህ ዶላር ምንዛሪና አፓርትመንት እንደሚሰጣት፣ ብሔራዊ ኒሻንም እንደምትሸለም አስታወቁ። ብዙ ሰው «በመጨረሻ ተካሱ» ብሎ ተደሰተ። እኔም ለልጆቹ ደስ ብሎኛል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ዓምድ እንዳንጽፋቸው እሰጋለሁ።

ስጦታና ደሞዝ አንድ አይደሉም። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ ከመስኮቱ ነው። ስጦታ የሚጠብቅ ሰውና ደሞዙን ሊቀበል የመጣ ሰው ፊቴ ሲቆሙ ድምፃቸው ይለያል። የመጀመሪያው «እባክህ፣ ገብቶልኝ ይሆን?» ይላል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ሁለተኛው «ገብቷል?» ብቻ ነው የሚለው። ደሞዙ ባይገባ የሚቆጣበት መብት አለው፤ ስጦታው የቀረበት ሰው ግን በማን ይቆጣል? ስጦታ የሰጪው ልብ ደስ ባለው ቀን ይመጣል፤ ለተሸነፈች አይመጣም፣ ለተጎዳች አይመጣም፣ በማጣሪያው ዝናብ ላይ ለለፋች ተቀያሪ አይመጣም። ደሞዝ ግን ቀን ቆጥሮ ይመጣል። የ2025ቱ ቤተ መንግሥት የ2004ቱን ሆቴል ሂሳብ አይዘጋውም፤ ምክንያቱም በሆቴሉ የተቀመጡት ሴቶች የጠየቁት ቤት አልነበረም፤ የተዋዋሉትን ነው።

የሽልማቱም ገንዘብ ቢሆን ይህንኑ ያሳያል። በ2022 ሻምፒዮኗ ያገኘችው 500 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 1 ሚሊዮን አደገ። በአንድ ውድድር እጥፍ ማደጉ መልካም ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ኮትዲቯር የተደረገውን የወንዶች ዋንጫ ያሸነፈው ቡድን ግን 7 ሚሊዮን ዶላር ተሸልሟል። ሰባት ለአንድ። ከ8 ለ 0 ይሻላል፤ ግን ገና ሽንፈት ነው።

ታዲያ ሂሳቡ የሚስተካከለው በምንድን ነው? ታሪኩ ራሱ ሁለት መንገዶችን አሳይቶናል። አንዱ አቋራጩ ነው። ባለ ነዳጇ ኢኳቶሪያል ጊኒ በ2008 ዋንጫውን ቤቷ አዘጋጅታ ናይጄሪያን በግማሽ ፍጻሜ 1 ለ 0 አስወጣች፤ ፍጻሜውንም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፋ ከናይጄሪያ ሌላ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆነች። በ2012ም ደገመችው። ከተጫዋቾቿ መካከል ግን ብራዚል ተወልደው ዜግነት የተሰጣቸው ነበሩባት። በ2018 ጋና ላይ ይኸው ቡድን ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። የተገዛ ጎተራ እንጂ የታረሰ ማሳ አልነበረም።

ሌላው መንገድ የሞሮኮ ነው። በ1998 8 ለ 0 የተሸነፈችው ሞሮኮ! ፌዴሬሽኗ በ2020 የሴቶቹን ሊግ በሁለት እርከን የሙያ ሊግ አደረገው፤ በጀት ተመደበለት፣ ተጫዋቾችም የወር ደሞዝ የሚያገኙ ሠራተኞች ሆኑ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2022፣ ሞሮኮ 12 ቡድኖች የተካፈሉበትን ዋንጫ አዘጋጅታ በግማሽ ፍጻሜው ናይጄሪያን ገጠመች። ከ45 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየሙን ሞላው። ናይጄሪያ በሁለት ቀይ ካርድ ወደ ዘጠኝ ተጫዋች ወርዳ እስከ መጨረሻው ብትታገልም፣ ሞሮኮ በመለያ ምት 5 ለ 4 አለፈች። የዚያው ዓመት የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮንም የራባቱ የጦር ኃይሎች ክለብ ሆነ። በ1998ና በ2022 መካከል የሞሮኮ ሴቶች ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ የበጀት መዝገቡ ላይ ስማቸው ገባ እንጂ።

ከሞሮኮ ቡድን አንዲትን ተጫዋች ላንሳ፤ ታሪኳ ወደ ቤታችን ይመልሰናልና። አምበሏ ጊዝላን ሸባክ በ2022 የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብላለች፤ በ2025 ደግሞ በ5 ግቦች የኮከብ ግብ አግቢነቱን ወስዳለች፤ በፍጻሜው የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረችውም እርሷ ናት። አባቷ ላርቢ ሸባክም እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1976 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው የሞሮኮ ቡድን አባል። ያ ዋንጫ የተነሳው የት ነው? አዲስ አበባ! የዚያን ዓመት አዘጋጅ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተደረጉ፤ ሞሮኮ በመጨረሻው ጨዋታ ከጊኒ ጋር 1 አቻ ወጥታ ሻምፒዮን ሆነች።

ይህን ሳውቅ ብዙ አሰብኩ። የእኛ ስታዲየም ሣር ለሞሮኳዊው አባት ዋንጫ ሰጠው፤ ሞሮኳዊው አባት ልጅ ወለደ፤ የልጁ አገርም ዘግይታ ቢሆን ለልጁ ሜዳና ደሞዝ መደበች። ይህች ሴት ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳ ሁለት ጊዜ ያለ ዋንጫ ብትመለስም መንገዱ ከአባት ወደ ልጅ ዞሯል፤ የዞረ ሂሳብ ማለት ይኼ ነው። በዚያው ሣር ላይ የሮጡት የኛዎቹ ጀግኖች ሴት ልጆችና የልጅ ልጆችስ? ለእነርሱ የዞረላቸው ምንድን ነው?

ባዶ ነው አልልም፤ መዝገብን ማጉደል እንደ ማትረፍ ሁሉ ሐሰት ነው። ሎዛ አበራ ከአገር ወጥታ ማልታ ድረስ ሄዳ በግቦቿ ስሟን አስጠርታለች። ዳኛ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ በተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ላይ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች፤ ቡድናችን ያልደረሰበት ፊሽካችን ደርሷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም በ2024 ሞሮኮ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተካፍሏል፤ ይህን ሳነብ እንደ ባንክ ሠራተኛ ትንሽ የሙያ ኩራት ተሰምቶኛል። ዘሩ አለ ማለት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ግን ከ2012 በኋላ እስከ 2025ቱ ውድድር ድረስ ወደዚያ መድረክ አልተመለሰም፤ የ2004ቱ አራተኛ ደረጃም እንደ ከፍተኛው ውጤታችን ብቻውን ቆሟል።

ሂሳብ ሲጎድል አንድ የማይለወጥ ደንብ አለን፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስ ይላል። የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ የመጀመሪያው ገጽ 1998 አይደለም፤ 1991 ነው። እዚያ ያሉት ሴቶች ይቆጠሩ። የእኛ የመጀመሪያው ገጽ ደግሞ 2004 ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሰው በመስከረም ጀንበር ቦሌ የወረዱት ልጆች ዛሬ የሌሎች እናቶች ሆነው ይሆናል። ስማቸውን ከ1962ቱ ስም አጠገብ እንጻፈው፤ ሴት ልጆቻችንም በየሰፈሩ ሜዳ ኳስ ሲጠልዙ «ከእናንተ በፊት እዚህ የደረሱ ነበሩ» እንበላቸው። ከዚያ በኋላ ደሞዝ፣ ሜዳና አሠልጣኝ እንመድብ። ኒሻኑ ይቆየን፤ ሲያሸንፉ ይደርሳል።

ስንኝ የመቋጠር አመሌም ድርሻውን ይጠይቀኛልና በአራት መስመር ላብቃ፦

ዋንጫው ከፍ ከፍ ብሎ፣ ሰንደቁ ሲነሳ፣
የላቧ ሂሳብ ግን፣ አደረ ተረሳ፤
ለጋሱ ደስ ሲለው፣ ያለውን ይሰጣል፣
ዕዳ ያለበት ሰው፣ ቆጥሮ ይከፍላል።

ቸር እንሰንብት።